አማቴ በፒያሳ ፍርስራሽ ሽማግሌ የሆኑበት ቀን

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የጎንደር ሰው ናቸው። ያደጉት ከነገሥታቱ ግምብ አጠገብ ነው፤ በልጅነታቸው የታጠበ ልብስ የሚያሰጡት በግምቡ ድንጋይ ላይ እንደነበር የሚያወሩት እንደ ተራ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ "በዳነ ዓይኔ ያደግሽበትን አሳዪኝ" አሉኝ።

ያደግኩት ፒያሳ ነው። ምን እንደማሳያቸው ጨነቀኝ፤ ሰፈራችን ፈርሷል።

በኬክ ጀመርኩ። ከቸርችል ጎዳና አናት፣ እሑድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ይዞኝ ይገባበት የነበረ ኬክ ቤት አለ። ባንኮኒው እንኳ ያው የድሮው ነው። ሚልፎይ አዘዝኩላቸው። በሹካ ሲነኩት ተፈረካክሶ ነጠላቸው ላይ ረገፈ።

"ይኼማ ከኛ ግምብ ይብሳል" ብለው ሳቁ። ፍርፋሪውን በጣታቸው እየለቀሙ ጨረሱት። ቀጥሎ ስፕሪስ መጣ፤ አቮካዶውን፣ ማንጎውን፣ ፓፓያውን ሳያደባልቁ በማንኪያ ተራ በተራ በሉት።

ከዚያ በእግር ወደ ሰፈራችን ወረድን። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ ያምራልም። ግን ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ። ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ወረድኩ። በመጨረሻ ገና ያልተነካ ጥግ ላይ የደጃችንን የድንጋይ ደረጃ አየሁት። ከኋላው የሳሎናችን ግድግዳ ቁራጭ ቆሟል፤ አረንጓዴ ቀለሙ አልለቀቀም።

አማቴ ለሰርጋችን ታመው ስላልመጡ ቤቱን አያውቁትም። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡና፣ "አባትሽ የት ነበር የሚቀመጡት?" አሉኝ።

"እዚህ፣ መስኮቱ ሥር። ልጅዎ የላካቸው ሽማግሌዎች ደግሞ እዚያ፣ ፊት ለፊት።"

አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ሽማግሌዎቹ በነበሩበት በኩል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መስኮቱ ወደነበረበት ባዶ ቦታ ጎንበስ ብለው፣ "ጌታዬ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡልኝ ነው" አሉ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ።

"ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አባዬ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። 'ተመካክረን እናሳውቃለን፣ ሌላ ቀን ኑ' ነው የሚለው።"

"ደግ አደረጉ" አሉ፣ ከልባቸው። "እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምል።"

አንድ ጠና ያሉ ጥበቃ ከወዲያ መጡ። "እናቴ፣ እዚህ መቀመጥ አይፈቀድም።"

"ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ነው፤ ጨርሰናል" አሏቸው።

ጥበቃው እኔን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። የአማቴን እጅ ይዘው ደረጃውን አወረዷቸው።

ወደ ታክሲው ስንሄድ አማቴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "ጓዳውን ሳታሳዪኝ?"

ቆም ብዬ አዲሱን መንገድ በጣቴ ጠቆምኳቸው፤ አንዲት ልጅ በብስክሌት እያለፈችበት ነበር።