ውሃው የሸሸባቸው ሽማግሌ

የዲላ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። አንድ ጊዜ ቡናችንን የሚገዙ ሰዎች ወደ ሆላንድ ጋበዙንና በአካባቢያችን ያለውን የወርቃ ቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ይዤ ሄድኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሙሉ ልብስ የማይለዩ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሁለታችንም ባሕር አይተን አናውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ አባባ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ዋሉ። የማግስቱ ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ጠዋት ከማረፊያችን አጠገብ ወዳለው ጥንታዊ የዓሣ ወደብ ወረድን። የአንዷ ጀልባ ወለል ከድንጋዩ ዳርቻ ጋር እኩል ነበር። ውስጧ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ትንሹን ዓሣ ከትልቁ ይለያል።

"ይሄማ የኛው የቡና ለቀማ ነው" አሉና አባባ የቤታቸውን ደፍ እንደሚሻገሩ ሁሉ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ኮታቸውን አውልቀው መልቀም ጀመሩ። እሳቸው በጌዴኦኛ፣ ሰውየው በሆላንድኛ ያወራሉ፤ አስተርጉም ያለኝ የለም። ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት ሲቀርብልን እኔ አመነታሁ። እሳቸው "ጥሬ ሥጋ ስትበላ ማን ከለከለህ?" ብለው ዋጥ አደረጉት።

የስብሰባው ሰዓት ሲደርስ ኮታቸውን ለብሰው ዞር ቢሉ፣ ዳርቻው ከራሳቸው በላይ ሆኗል። እርጥቡን ግንብ ትንሽ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ውሃውን ማን ለቀቀው?" አሉኝ። እንደ አገራችን የቡና ማጠቢያ ገንዳ ሰው የከፈተው መስሏቸው ነው።

ዓሣ አጥማጁን በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። ባሕሩ በየቀኑ ሁለቴ ሸሽቶ እንደሚመለስ ነግሮኝ፣ ግንቡ ላይ ያለውን የብረት መሰላል አሳየን። አባባ የሚያዳልጥ አረንጓዴ የባሕር ሣር የያዘውን መሰላል አዩ፤ ሱሪያቸውን አዩ።

"ራሱ የሚመለስ ከሆነ ምን አስቸኮለን?" ብለው የዓሣ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

ብለምናቸው አልሰማ አሉ። ብቻዬን ወጥቼ፣ እያፈርኩ ለሦስቱ ጋባዦቻችን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል ሦስቱም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተከትለውኝ በመሰላሉ ወረዱ። ስብሰባው በዓሣ ሳጥን ላይ ሆነ። አባባም አፋቸው ተፈታ፤ ዝናቡ ሲዘገይ አበባው ምን እንደሚሆን፣ ቡናው ለምን ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት እየዘረዘሩ አስረዱ። እኔ እያስተረጎምኩ፣ እነሱ እየጻፉ፣ ውሃው ቀስ በቀስ አነሳን።

ወደ ማታ ዳርቻው ከእግራችን ጋር ሲስተካከል አባባ ቀድመው ተሻገሩና ጋባዦቻችንን እንደ እንግዳ እጃቸውን እየያዙ አንድ በአንድ አወጡ። ወደቡ የአባታቸው ይመስል ነበር። የኮታቸው የዓሣ ሽታ ግን ዲላ እስክንገባ አብሮን ነበር።