ያለ ልጅ የተበላ ገንፎ

ጌታ ይባረክ ወገኖች! እስኪ ጠንከር አድርጋችሁ አሜን በሉ፤ ቁርስ የበላ ሰው አሜን እንዲህ አይደለም! አዎ፣ እሱ ነው። ሃሌሉያ! ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። መድረክ መሪው «እህታችን፣ አጠር ይበል» ብሎኛል። እሞክራለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ልጆች ጋር የምትውል ሴት ትልቅ ሰው ሲሰማት ማሳጠር ይከብዳታል፤ ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ዘነበች እባላለሁ። ሀና ማርያም ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ፣ ቤቴ ውስጥ ልጆች ማቆያ አለኝ። እናቶች ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን እኔ ጋ ያውላሉ፤ ልጆቹ «ቴቴ» ይሉኛል። ማቆያውን የጀመርኩት ልጅ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ ልጅ አጥቼ ነው። ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ስንጠብቅ ስንጠብቅ አልመጣም። «የራሴ እስኪመጣ በሰው ልጅ ልለማመድ» አልኩ። ልምምዱ በዛ፣ የራሴ ቀረ።

መጀመሪያ እጸልይ ነበር፤ በኋላ አኮረፍኩ። ሰው ከጎረቤት ይኳረፋል፣ ከአማት ይኳረፋል፤ እኔ ግን የተኳረፍኩት ከእግዚአብሔር ጋር ነበር። ደጁን አልረግጥም። «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ «ደህና» ብዬ እዘጋዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋን አልጨምርም ነበር! ሰላምታ ላይ እንኳን ቆጥቤበታለሁ ወገኖቼ። እሱ ግን ታገሠኝ፤ ስሙ ይባረክ!

ከዚያ ሆዴ ማደግ ጀመረ። ተስፋ አድርጌ ተመረመርኩ፤ እርግዝና አይደለም። ሰው ግን ያንን አያውቅም። ታክሲ ውስጥ «ለነፍሰ ጡሯ ቦታ ልቀቁ» ሲባል ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። አንዳንዴማ ሳልደክም እንኳን ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ። እህቶች፣ የምለው የሚገባችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ደም ሲበዛብኝ ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተሩ ትሑት ሰው ነው፤ አልትራሳውንዱን አይቶ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ።

«እህቴ፣ ማዮማ ነው፤ እጢ ማለት ነው። አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ነው፤ ማኅፀኑን ይዞታል። ሕይወትሽን ለማትረፍ ማኅፀኑ መውጣት አለበት።»

«እንትን ግን...» አልኩት፣ አልጨረስኩትም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አዝናለሁ።»

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ዛሬ ላይ ሆኜ «ክብር ለጌታ» እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ስነቃ መጀመሪያ የተናገርኩት ቃል ለታደሰ ነው፦ «ማቆያውን እዘጋዋለሁ።» ታዴ ግራ ገባው። «ለምን? ይሻልሽ የለም እንዴ?» አለኝ። «የራሴ እንደማይመጣ ካወቅኩ የሰው ልጅ ማቀፍ አልችልም። በቃኝ» አልኩት። ልቤ ጠፍቶ ነበር። እነዚያ ልጆች ዳግም በሬን እንዲያንኳኩ አልፈልግም ነበር።

እናቶቹ ግን የት ይሂዱ? ትንሽ ሲሻለኝ ተሰብስበው መጡ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ፣ ሌላ ቦታ እስክናገኝ። አንቺ ፍራሽ ላይ ተቀመጪና እያቸው፤ የማንሳቱንና የማጠቡን ሥራ እኛ ፈረቃ ገብተን እንሠራለን» አሉኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ። ዶክተሩም «ከአንድ ሊትር ውሃ በላይ የሚከብድ ነገር እንዳታነሺ፤ ልጅ ማዘል የሚባል ነገር የለም!» ብሎ አስጠንቅቆኛል።

ልጆቹ በተመለሱ በመጀመሪያው ቀን በር ተንኳኳ። አዲስ ጎረቤታችን አስቴር ናት፤ እዚያ ሦስተኛው መደዳ ላይ የተቀመጠችው፣ ፊቷን በነጠላ የሸፈነችው! አትደበቂ፣ ልናገርብሽ ነው! በድስት ገንፎ ይዛለች፤ የገብስ፣ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬው የሚዋኝ፣ የአራስ ገንፎ። ሆዴን ከዚያ በፊት አይታዋለች፤ ሐኪም ቤት መግባቴንም ሰምታለች። ድምር ሠራች። እልልታዋን ገና ከደጅ ጀመረችው።

«እንኳን ጌታ በሰላም አገላገለሽ የኔ እህት! ወንድ ነው ሴት?»

«አልወለድኩም» አልኳት። «ማኅፀኔን አውጥተውልኝ ነው።»

አስቴር ድስቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በዚህ መሐል ሂክማ የምትባል አንዲት ምላሰኛ የአራት ዓመት ልጅ አለች፤ አጎንብሳ አልጋ ሥር ገባች። «ቴቴ፣ ልጁ የታለ? የለም እኮ!» አለች፣ ጭንቅላቷ እዚያው ሥር እንዳለ።

ያኔ አለቀስኩ። ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። አስቴር ድስቱን አስቀምጣ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና አብራኝ አለቀሰች። አልሰበከችኝም፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ እነግራችኋለሁ፣ ገንፎውን ነበር የምደፋባት! ሂክማ ከአልጋው ሥር ወጥታ ሁለታችንን አየችንና «ልጁ ካልመጣ ገንፎውን እኛ እንብላው?» አለች።

ሳቄ መጣ። ስፌቴን በትራስ ይዤ «ኧረ አታስቁኝ፣ ልቀደድ ነው!» እላለሁ፤ አስቴርም እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። ልጆቹ ድስቱን ከበቡት፤ ቅቤው እስከ ቅንድባቸው ደረሰ። ያለ አራስ፣ ያለ ልጅ፣ ገንፎው ተበላ። ሃሌሉያ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቴር ከቤቴ አልጠፋችም። እናቶቹ ሲያረፍዱ እሷ ታነሳለች፣ እሷ ታጥባለች። አንድ ቀን «ልጸልይልሽ?» አለችኝ።

«እኔና እሱ አንነጋገርም» አልኳት።

«ታዲያ እሱኑ ንገሪው፤ አንነጋገርም በይው» ብላኝ የሕፃን ልብስ ማጠቧን ቀጠለች።

ብልጥ ናት። ግን አላናገርኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቢኒ የሚባል ልጅ አለ፣ ዓመት ያለፈው። ሌሎቹ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፤ ቢኒ ካልታዘለ አይተኛም። ጀርባ ላይ አድርገሽ፣ እሹሩሩ እያልሽ፣ እየተወዛወዝሽ። ይህን ያስለመድኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አንድ ቀን ሲያለቅስብኝ አልቻልኩም፣ አንስቼ አቀፍኩት። ስፌቴ ላይ የሆነ ነገር ላጥ አለ። ሐኪም ቤት ተመለስኩ፤ ዶክተሩ ቁስሉን አይቶ «ወይዘሮ ዘነበች፣ እንደ ልብስ ዚፕ ላድርግልሽ ወይ? ዳግም ብታነሺ እንደገና ነው የምሰፋሽ!» አለኝ። አፍሬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት አስቴር ሽንኩርት ልትገዛ ሀይሌ ጋርመንት ገበያ ድረስ ወጣ ብላለች። ፈረቃ የነበረችዋ እናትም ከሥራ ተደውሎላት ሄዳለች። ሌሎቹ ተኝተዋል። ቢኒ ግን ፊቴ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይጮሃል። ላነሳው አልችልም። እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ፣ እሱ አንድ እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ ተቆጥቶብኛል። «ና፣ የኔ ጌታ፣ ና እዚህ ጋ» እለዋለሁ፤ አልመጣም ይላል። ዓይኑን አየሁት። ምን እንደሚለኝ ገባኝ፦ «ትችያለሽ፣ ግን አትወጂኝም» ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ እወደዋለሁ! አለማንሳቴ ስላልወደድኩት አይደለም፤ እሱ የማያየው ነገር ልብሴ ሥር አለ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ዓመት ላለፈው ልጅ ስለ ስፌት ምን ይነገራል?

ወገኖቼ፣ እዚያው በቁሜ፣ ኧረ በተቀመጥኩበት፣ አንድ ነገር በራልኝ። እጁን ዘርግቶ እየጮኸ የሚያኮርፈው ልጅ እኔ ነኝ! ስንት ዓመት «ትችላለህ፣ ግን አትወደኝም» ስለው የኖርኩት እኔ ነኝ! ለምን እንደከለከለኝ ዛሬም አላውቅም። እንደ ዶክተር ማብራሪያ የሰጠኝ የለም። ነገር ግን የከለከለ ሁሉ የጠላ እንዳልሆነ ቢኒን እያየሁ ገባኝ። አፌ ተከፈተ፦ «ጌታ ሆይ፣ አኩርፌሃለሁ። በጣም አኩርፌሃለሁ። ግን ደከመኝ፤ ልጠጋህ» አልኩት። ከዚህ የበለጠ ጸሎት አልነበረኝም። ተቀበለኝ! ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

ቢኒስ? እየተነጫነጨ መጣ። በደህናው ጎኔ በኩል ተጠጋ፤ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ጣለና ተኛ። «ልጅ ነው፣ ደክሞት ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ ደክሞትም ይሆናል። እኔም ደክሞኝ ነው የተጠጋሁት።

አስቴር ሽንኩርቷን ይዛ ስትገባ እንባዬን አየች። የሆነውን ነገርኳት፤ ተንበርክካ ጸለየችልኝ፣ እኔም አብሬያት ጸልዬ ጌታን ተቀበልኩ። አሜን ካልን በኋላ ይቺ ተረበኛ ምን ትለኛለች? «አየሽ፣ እኔ አልተሳሳትኩም። ገንፎው ቀደመ እንጂ ያንቺው ልደትማ ደረሰ!» እልልልል!

ወሩ አለቀ። ታዴ «ታዲያ ለእናቶቹ ምን ልበላቸው? ልትዘጊ ነው?» ሲለኝ «ማን አለ?» አልኩት። «አንቺ ነሽ ያልሽው!» ብሎ ሳቀብኝ። ቁስሌ ጠገገ። ለመጨረሻ ጊዜ ልታይ ስሄድ ዶክተሩ «እንዴት ነሽ?» አለኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፣ ሳላስበው። ታዴ ራሱ ዛሬ መጥቷል፤ ያ በሩ ላይ የቆመው፣ የታክሲውን ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክረው ነው። ታዴ፣ ግባና ተቀመጥ እንጂ፤ ጎፋ የሚሄደው ሰው ትንሽ ይጠብቃል!

አሁን ልጨርስ ነው፤ መድረክ መሪው ሰዓቱን እያየ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ከዚያ በኋላ አረገዝኩ» እስክል እየጠበቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምስክርነት እንደዚያ ሲያልቅ ለምደናል። ወገኖቼ፣ ማኅፀኔ እኮ ወጥቷል! አልወለድኩም። አልወልድምም። ይህን ከዚህ ማይክ ፊት ሳላለቅስ መናገሬ ራሱ፣ እሱ ነው ተአምሬ። ልጅ ለሰጣቸው ከልቤ እልል እላለሁ፤ ለእኔ ግን የሰጠኝ ራሱን ነው፣ እጄም ባዶ አይደለም።

ከእግዚአብሔር ጋር የተኳረፋችሁ ካላችሁ፣ ማንን እንደምል እናንተ ታውቃላችሁ፤ ኩርፊያችሁን ይዛችሁ ኑ። ታርቃችሁ እስክትመጡ አይጠብቅም። እያለቀሳችሁም፣ እየተነጫነጫችሁም ቢሆን ወደ እሱ ተጠጉ። ነገ ጠዋት ልጆቹ ሲያንኳኩ በሬን በደስታ ነው የምከፍትላቸው። ስሙ ይባረክ።