ፊልሙ ላይ ያልነበረው ማር

ያን ቀን በፖሊስ ጣቢያው ክፍል ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን። እኔ፤ ከያዮ የመጣች ማር ነጋዴ፤ ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብለው የተያዙ አንዲት አሮጊት፤ ከመጣች ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛ ከኖፓ የመጣች ተማሪ። ከበሩ ውጭ ቁልፍ የያዘች ፖሊስ ነበረች። ከሰዓት በኋላ መርማሪው መጣ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ያን ቀን የተባለውን ማን ማን እንደሰማ እንዲታወቅ ነው።

መቱ፣ ከመናኸሪያው በታች፣ ባለቤቴ ትቶልኝ የሞተ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ከሦስት ቀን በፊት ጠዋት ስጠርግ ፖሊሶች መጡ። ቴሌቪዥኑን፣ ማጫወቻውን፣ ፊልሞቹን በጆንያ ጫኑ። በሩን ሳልቆልፍ አልሄድም ብዬ ለመንኳቸው። ቆልፌ ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጌ አየሁት።

ክፍሉ ሲሚንቶ ነው፤ እርጥብ ነው። መስኮቱ ከቁመቴ በላይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እየጮኸ እርስ በርስ እንኳ አያሰማንም።

በዚያ ሰሞን አንድ ጎረቤት ከተማ ላይ ባንክ ተዘርፎ ነበር። ዘራፊዎቹ ጫካ ገቡ፣ ገንዘቡም ጫካ ላሉት ታጣቂዎች ነው ተባለ። እኔ ቤት ደግሞ ከዚያ በፊት ባንክ ስለሚዘርፉ ሰዎች የሚያወራ አሮጌ የባሕር ማዶ ፊልም ታይቷል። መጀመሪያው ላይ እውነተኛ ታሪክ ነው የሚል ጽሑፍ አለው አሉኝ። ቀለም ቀቢ መስለው ባንክ ይገቡና ብሩን በቀለም ባልዲ ይዘው ይወጣሉ። እኔ ሙሉውን አላየሁትም። ሽቦው እሳት ያስነሳል ብዬ ስለምፈራ ሁልጊዜ በር ላይ ነኝ።

በእኛ አገር ቪዲዮ ቤት ፊልም እንዳለ አይታይም። ድምፁ ይቀነስና ተርጓሚ ማይክ ይዞ ይናገራል። ጥሩ ተርጓሚ የሚባለው የተባለውን ብቻ የሚናገር አይደለም፤ የፊልሙን ሰዎች መቱ ገበያ የሚያውላቸው ነው። ያን ሰሞን ተርጓሚያችን ወባ ይዞት ተኛ፤ ማይኩን ልጄ ያዘች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እያደረገች ሰዉን በሳቅ ገደለችው። እኔ በር ላይ ሆኜ ሳቁን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም።

ማር ነጋዴዋ እኔን ከማወቋ በላይ ልጄን ታውቃለች። በገበያ ቀን መኪና እስኪሞላ መጥታ የኋላው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስገባ፣ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት፣ «አዴ፣ አንቺንም? አሁን ፊልሙን ማን ያሳየናል?» አለችኝ። እሷን ያዮ መንገድ ላይ ነው የያዟት። እንደሌላው ማር ነጋዴ ሁሉ ማሩን የያዘችው በታጠበ የቀለም ባልዲ ነበር።

«ዱላ ከተቱበት» አለችን። «ታች ድረስ አማሰሉት። ከዚያ መንገድ ላይ ደፉት። ንቦቹ ቢያዩ ሥራ ይተዉ ነበር።»

«ምን ፈልገው ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ? አራት ቀን ሙሉ ይህንኑ ነው የማስበው።»

መርማሪው ስልክ ይዞ ገባ። ወጣት ነው። ስልኩን ከፈተው። በመጀመሪያ የሰው ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የልጄ ድምፅ።

«ፖሊሱ ባልዲው ውስጥ ምን አለ ሲላቸው፣ ማር ነው፣ የያዮ ማር ነው ይሉታል። ቅመስ ሲሉት ጣቱን ይልሳል! ምን ያድርግ፣ ደመወዙ አላደረሰውም። ይኸው ጫካው ጋ ደረሱ። ያዮ ጫካ የገባን ሰው ማን ያገኘዋል?»

አንዱ ለጨዋታ ቀድቶት ኖሯል፤ ከአንድ ከታሰረ ልጅ ስልክ ላይ ነው ያገኙት። ፊልሙ ላይ ማር የለም። ያዮም የለም። ልጄ የጨመረችው ነው።

ማር ነጋዴዋ ቀና አለች። ማሯ ለምን እንደተደፋ ገባት፤ የባንኩን ብር ሲፈልጉበት ነው። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ድምፁንም አውቃዋለች።

«ይህች ማናት?» አለ መርማሪው።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ? ልጅ አለችሽ አይደል?»

«አለችኝ። በፊልም ሰዓት ትምህርት ቤት ናት።»

«ይህ የወጣት ድምፅ ነው።»

«ማይኩ ያቀጥነዋል ጌታዬ።»

«እሺ ተርጉሚ። ጫካው ጋ ከደረሱ በኋላ ምን ሆኑ?»

አላወቅሁም። ፊልም ሊያልቅ ሲል ሰው እንዳይረጋገጥ ቀድሜ በሩን የምከፍት ሰው ነኝ። ልጄ በዚያ ሰዓት ምሳዋን በልታ ደብተሯን እየሰበሰበች ይሆናል። ቤታችን ከጣቢያው ሩቅ አልነበረም።

«ምን ነካሽ፣ ደነገጥሽ እንዴ?» አለች ማር ነጋዴዋ ከጥጉ። «ሦስቱ ያመልጣሉ፤ አንዱ ጫማው ላይ ቀለም ቀርቶ ይያዛል አላልሽንም?»

መርማሪው ዞረ። «አንቺ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። መኪና ስጠብቅ።»

«የማን ድምፅ ነው?»

እውነቱን ብትናገር አልፈርድባትም ነበር። ማሯ የተደፋው፣ እሷም የታሰረችው በልጄ አፍ ነው።

«ማሬን የደፋችሁት በዚህ ወሬ ነው?» አለችው።

«የጠየቅኩሽን መልሺ።»

«የዚህችው ሴትዮ ነዋ። አሁን ድምጿ የጎረነነው ሲሚንቶ ላይ ስላስተኛችኋት ነው። ወሬኛ ናት። እዚህም አላስተኛችንም።»

በሦስት ቀን ከአሥር ቃል በላይ አልተናገርኩም ነበር።

«ኤዬ፣ እውነቷን ነው» አሉ አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ሰላም ነሥታናለች።» ተማሪዋ ከግድግዳው አልዞረችም፤ ትከሻዋ ግን ሲነቃነቅ አየሁት። ስቃ ነው።

መርማሪው ቃሏን ጻፈ። አነበበላት። «ሐሰት ከሆነ ላንቺ ነው የሚብሰው» አላት። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። ከዚያ ተነሺ፣ ሌላ ቦታ ሄደሽ ትደግሚዋለሽ፣ መኪና ቆሟል አለ።

አልተነሣችም። ሰማያዊ የሆነውን ጣቷን ቀና አድርጋ ያዘችው።

«መጀመሪያ ውሃ ስጡኝ።»

«እዚያ ትታጠቢያለሽ።»

«እኔ በዚህ እጅ ማር ነው የምነካው» አለች። አልጮኸችም።

በሩ ላይ ያለችው ፖሊስ ሳትታዘዝ ሄዳ በጆግ ውሃ፣ ከራሷም ቁራጭ ሳሙና አመጣች። ማር ነጋዴዋ ቀስ ብላ ታጠበች። የጥፍሯን ሥር ሳይቀር በሌላው ጥፍሯ ፈለቀቀችው። መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ጠበቃት። በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችና ተነሣች። በእኔ በኩል ስታልፍ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ «ልጅቷ ትማር» አለችኝ።

እኔ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተለቀቅሁ። ዘራፊዎቹ ሌላ ቦታ ተያዙ ተባለ። ልጄን በዚያው ሳምንት አክስቷ ጋ ላክኋት። ተማረች፤ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት። ያን ሁሉ ግን ለብዙ ዓመት አልነገርኳትም። ሰው ለማሳቅ ብላ የተናገረችውን ነገር አንስቼ ዕድሜ ልኳን ላሸክማት አልፈለግሁም። አምና ነገርኳት። «እሷስ ወጣች?» አለችኝ።

ሁሩሙ ገበያ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ያዮም ሁለት ጊዜ ሄጄአለሁ። አንዱ ከዚያ ወዲያ አላየናትም ይለኛል፤ አንዱ ዘመድ ጋ ገብታለች ይለኛል። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት አሁንም ስለምፈራ ነው። ረጅም ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ ነው፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። አይታችኋት ከሆነ፣ ወይም ከእሷ ጋር የታሰረ ሰው ካወቃችሁ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገሩኝ። ካለች የትም ቢሆን ሄጄ አያታለሁ።