አማካይ አሳዳጊው ርእሰ መምህር

የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «አቶ አማካይ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው እንዲያው በዋዛ አይደለም። እግዜር ይስጣቸውና፣ የትምህርት ቤቱን አማካይ ውጤት እንደ በኩር ልጃቸው ነበር የሚንከባከቡት። ዘዴያቸውም ማንንም አይከብድም፤ ማስተማር የሚሉት አድካሚ ነገር የለበትም። ሰነፍ ተማሪ ሲገኝ ወላጅ ይጠራል፣ ወንበር ይሳብለታል፣ ከዚያም ልጅዎ ወንዝ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ቢገባ ይሻለዋል፣ አየሩም ጥሩ ነው ተብሎ በለሰለሰ አንደበት ይመከራል። መሸኛው ቀድሞ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃል። ወላጅም አመስግኖ ይወጣል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ትምህርት ቤቱ ከአካባቢው አንደኛ ወጣ። ዋንጫ መጣ። አቶ አማካይ ደረታቸውን ነፍተው ረዥም ንግግር አደረጉ፤ ባዶዎቹ ወንበሮች በጸጥታ አዳመጧቸው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቢሮው፣ ተማሪ ካልጨመረ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል አለ። አቶ አማካይ እህል አልወርድ አላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው የሸኟቸውን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ይለምኑ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ እናት የስፌት መኪናዋን እንኳ ሳታቆም፣ ልጄ እዚያ ማዶ ማባዛት ለምዷል፣ መልሼ አምጥቼው ዋንጫዎን ቢሰብርብዎስ አለቻቸው። ጎማ ጠጋኙ አባት ደግሞ የማዶው አየር በእርግጥም ጥሩ ነው ብሎ ከልቡ አመሰገናቸው።

አንድም ልጅ ሳያገኙ፣ ጫማቸው ጭቃ እንደለበሰ ቤታቸው ገቡ። በዚሁ በእሳቸው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ሳሎን ቁጭ ብላ ትጠብቃቸው ነበር። ሒሳብ አይሆንላትም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ግን የርእሰ መምህር ልጅ ናትና ደፍሮ የመከራት የለም።

«አባዬ፣ መሸኛ ጻፍልኝ» አለች።

ክው አሉ። አሁን እኮ አንድ ተማሪ እንኳ ሊሄድብን አይገባም፣ ጭራሽ አንቺ ብለው ተቆጡ። ቁጣው አልሠራ ሲላቸው መለማመጥ ያዙ፤ ማታ ማታ እኔው ራሴ አስጠናሻለሁ አሏት።

«ስሳሳት እኮ ፊትህን አየዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የማዶዋ መምህርት ግን ልጅ ሲሳሳት ‹ና፣ አብረን እንደገና እንሥራው› ነው የምትለው። ጓደኞቼ ነግረውኛል።»

ይህን ሁሉ ዘመን በመምህርነት ሲኖሩ እንዲህ ያለ ቃል አንድ ቀን ከአፋቸው ወጥቶ እንደሆነ ሊያስታውሱ ሞከሩ። አልመጣላቸውም።

በማግስቱ ቢሮ ገብተው የልጃቸውን መሸኛ በገዛ እጃቸው ጻፉ፣ ማኅተም መቱበት። የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤትም ከፍ አለ።