አያቴና የሩዙ ማዳበሪያ

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ አርባ ቀን ሆናቸው። እኔ ግን ዛሬም ተናድጄባቸዋለሁ።

ቦሌ ለሚ ከእርሻችን በተረፈችው ግቢ አጠገብ ፎቅ ሲሠራ የውኃ መውረጃው ተደፈነና ጓሯችን ረግረግ ሆነ። እኛ አቤቱታ ስንጽፍ እሳቸው ሩዝ ዘሩበት። ማዳበሪያውንም ራሳቸው ሠሩ። ወሎ ሰፈር ካለ ጁስ ቤት የፓፓያና የማንጎ ልጣጭ በጆንያ በታክሲ እያመጡ፣ ከሞላሰስና ከውኃ ጋር በበርሜል ዘፍዝፈው ለሳምንታት ያብላሉታል። ከዚያ ፈሳሹን አጥልለው በውኃ ያቀጥኑትና ሩዙን ያጠጡታል። የታክሲ ረዳቶቹ በልጣጩ ሽታ ምክንያት ይጮሁባቸዋል፤ እኔም አፍርባቸው ነበር።

"አባባ፣ ለአንድ ባልዲ ውኃ ስንት ጣሳ ነው? ልጻፈው" እላቸዋለሁ።

"ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ ቀርበሽ አሽትቺው። ራሱ ይነግርሻል።"

"እባክዎ በጣሳ ይንገሩኝ!"

"ጣሳ ምን ያውቃል?" ይሉና ይስቃሉ። እኔ አፍንጫዬን ይዤ እሄዳለሁ።

ከቀብራቸው በኋላ ሩዙ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ይበርታ ብዬ ፈሳሹን ሳላቀጥን አብዝቼ አጠጣሁት። በሳምንቱ ግማሹ ተቃጠለ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ። ልኩን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔስ አንድ ቀን ጎንበስ ብል ምን ነበረበት?

ትናንት የጁስ ቤቷ ባለቤት ደወለች። "አባባ ምነው ጠፉ? ልጣጩ ተጠራቀመ።" ማረፋቸውን ስነግራት ነፍሳቸውን ይማር አለች።

"ታዲያ ልጣለው?" አለችኝ።

"አትጣዪው" አልኳት ሳላስበው። "ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ።"