ለድመት ነው

ደረቅ የድመት ምግብ ሳህን ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠበውን ዝናብ ይመስላል። ሽታው ግን ሌላ ነው። የደረቀ ዓሣ ይሸታል፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ይሸታል። የልጅ ልጄ ናት ለድመቷ ባምቢስ አካባቢ ካለ ሱቅ ገዝታ ያመጣችው። «አባባ፣ ይሄ እኮ ሁሉ ነገር አለው። ፕሮቲን አለው፣ ቫይታሚን አለው፣ በቃ ሌላ ምንም አትፈልግም» አለችኝ። ዋጋውን ስጠይቃት ስልኳን መነካካት ጀመረች። ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እኔ አላነበውም፤ የራሳችንንም ፊደል ጣቴን አስደግፌ ነው የምሄድበት፣ የፈረንጁን ተወው።

«ሳንባ በትንሽ ጉበት ቀቅለሽ ብትሰጫት ይሻላታል፣ ኪስሽም አይጎዳም» አልኳት።

«ውይ አባባ፣ ደግሞ ጀመሩ!» አለችና ሳቀች።

አልጀመርኩም። ድሮ ጀምሬ ነው ያላቆምኩት። ያ የጎማ ሽታ ነው አሁን እጄን ይዞ የሚወስደኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ላንቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ፤ ጎማ ስፈታ፣ ስለጥፍ፣ ስነፋ ነበር የምውለው። የምኖረው ካዛንቺስ፣ በአንዲት ባልቴት ግቢ፣ ከሳቸው ቤት ጎን በተቀጠለች አንድ ክፍል ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይ የኮክ ዛፍ ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቅጠሉ መሐል እየተቆራረጠች ስትወርድ ግድግዳው ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። አሁን ያ ግቢ የለም፣ ዛፉም የለም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የት ጋ እንደነበረ በእርምጃዬ ልለካ እሞክራለሁ፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።

አከራዬን እትዬ እላቸው ነበር። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ እኩያዬ። እኔ ቤቱን ሳልከራይ በፊት ነው ወታደር ሆኖ ግንባር የሄደው፤ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ድመቱን ግን ትቶ ሄዷል። ግራጫ ናት፣ ሆዷ ነጭ፣ ክረምት ላይ ከቦይ አውጥቶ በሹራቡ ውስጥ ይዟት የገባ። ውሮ ነበር የምትባለው፤ ሌላ ስም አልወጣላትም። ደብዳቤው ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፣ ከግቢው ሁሉ የተማረ ተብዬ! ፊደል በፊደል ስጎተት እትዬ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁኝ ነበር። ልጁ ስለ ራሱ ብዙም አይጽፍም። መጨረሻው ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበረች፦ «እማዬ፣ ውሮን ምን እያበላሻት ነው?»

ከዚያ ደብዳቤው ቆመ።

ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል እትዬ ኡራኤል ሄደው ተሳሉ። «ልጄ በሰላም እስኪገባልኝ፣ በደጄ ውስጥ ነፍስ ያለው ሁሉ ጾም አይገድፍም» ነበር ስለቱ። ሲነግሩኝ ራሴን ነቀነቅሁ። እኔም እጾም ነበርና ምንም አልመሰለኝም። ነፍስ ያለው ሁሉ ማለት ውሮንም እንደሚጨምር የገባኝ ጾሙ የገባ ዕለት ነው።

ያቀረቡላት በሽሮ የራሰ እንጀራ ነበር። አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየችን፣ ትታው ሄደች። አይጥ ይዛ ጾም እንዳትገድፍ ብለው ደግሞ በነጭ ገመድ ከአልጋቸው እግር ጋር አሰሯት። የኔ አፍ ያኔም አያርፍም ነበር።

«እትዬ፣ ድመት እኮ ክርስትና አልተነሳችም» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል። እሷ የሱ ናት። እሷ ከጾመችለት መልአኩ እሱን ያስብልኛል» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የውሮ ጀርባ እንደ መጋዝ ሆነ። ሲዳብሷት ጸጉሯ እጅ ላይ ይቀር ነበር። አንድ ቀን ገመዷን እየጎተተች ወደ ድምፄ ስትመጣ የሳጥኑን ጠርዝ በግንባሯ ገጨችው፤ ቆም አለችና መልሳ ገጨችው። ዓይኗ ሊጠፋ ነው አልኩ በልቤ። እትዬም አይተዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሁዳዴ የኛ ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው። ክፍት የነበረው ከጋራዣችን ዝቅ ብሎ ያለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። በዕድሜዬ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም ነበር፤ እኛ የነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የኛን፣ ሌላውን ሁሉ ግን አብረን ነው የኖርነው። ግራ ቀኝ አየሁና ገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር፣ ወለሉ ላይ የተበተነው ሰጋቱራ ይሸታል። ሥጋ ሻጩ ረጅም ሰው ነው። ቢላዋውን እየሳለ ከቱታዬ እስከ አንገቴ፣ ከዚያም ማተቤን አየ።

«ለድመት ነው» አልኩት።

«አዎ» አለ፣ «በሁዳዴ ይሄ ሰፈር ድመት ይበዛበታል።»

«ኧረ በእናቴ ለድመት ነው!»

«ትናንት የመጣው ሰውዬም እንዲሁ ሲምልልኝ ነበር። የሱ ድመት ደግሞ ቁርጥ በሚጥሚጣ ነው የምትወደው።»

ምን ታየው አላውቅም፣ የውሮን ዓይን ነገር ስነግረው ሳቁን ተወ። ሳንባ ነበር የጠየቅሁት፣ ርካሹ እሱ ነውና። «ሳንባ ብቻ አትስጣት» አለኝ። «ሳንባ ንፋስ ነው፣ ሆዷን ይሞላላታል እንጂ ዓይኗን አይመልስላትም። ትንሽ ልብ፣ ትንሽ ጉበት ጣል አድርግበት። ጉበቱን አታብዛ፣ ከበዛ ያማታል። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ። መረቁን አትድፋው።» ወተትስ ስለው «ወተት ያስቀምጣታል፣ ውኃ ስጣት» አለ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያን ቀን የተማርኩት ግን አንዱም አልጠፋኝም። ልቡና ጉበቱ ግን ለኔ ኪስ ከበድ ይሉ ነበር። ሲጋራዬን ተውኩ። ዛሬ ሰው ሁሉ ሐኪም ያስጣለኝ ይመስለዋል።

ሳንባ ሲቀቀል አይተህ ታውቃለህ? ያብጣል። ክዳኑን ገፍቶ ያነሳል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጋራዡ ጓሮ በአሮጌ የዘይት ጣሳ፣ በከሰል ነበር የምቀቅለው። የሥራ ጓደኛዬ ሽታው ስቦት መጣ።

«አንተ! በሁዳዴ!»

«ለድመት ነው።»

«እስቲ አሳየኝ፣ ድመቷ ቱታ ነው የምትለብሰው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ በስሜ አልጠራኝም። «ውሮ፣ ያን ጎማ አንከባልልኝ!» ነበር የሚለው።

የቀቀልኩትን በተቀደደ የጎማ ላስቲክ እጠቀልልና ቱታዬ ኪስ እከተው ነበር፤ የጎማው ሽታ የሥጋውን ይውጠዋል ብዬ። በጾም እትዬ ከቅዳሴ የሚመለሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ከላንቻ እሮጥና ከድንጋይ ሥር የቤታቸውን ቁልፍ አንስቼ እገባለሁ። ክፍሉ ጭል ጭል ይል ነበር፤ በመስኮቱ የኮኩ ቅጠል ጥላ ወለሉ ላይ ይወዛወዛል። ውሮ ከእጄ ላይ ነበር የምትበላው። ምላሷ እንደ ብርጭቆ ወረቀት መዳፌን ይፍቀው ነበር። ስትጨርስ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትልሳለች፣ ከዚያ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ ታሳርፍና እንዳለች እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔም ተቀምጬ አብሬያት የምፈዝበት ቀን ነበር። የደወል ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ነበር የምባንነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ «ና፣ ና፣ ናማ እይልኝ!» ብለው እትዬ ጠሩኝ። ውሮን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋታል። ጸጉሯ ያበራል። ጣታቸውን በዓይኗ ፊት ሲያንቀሳቅሱት በዓይኗ ተከተለችው።

«እያት! በሽሮ! በጾም ወፈረች እኮ! ልጄ ደህና ነው፣ እየበላ ነው። ምልክቱን ላከልኝ» አሉኝ።

እኔ አለቃዬን ፊት ለፊት ሌባ ብዬ ከሥራ የተባረርኩ ሰው ነኝ። ለቀበሌ ሊቀመንበርም፣ ለቄስም፣ ለሐኪምም የመሰለኝን ከመናገር ወደኋላ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ፊታቸውን አየሁና «አዎ እትዬ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እኔም እንደ ውሮ ታሰርኩ። ፋሲካ ሆኖ ውሮ ብትፈታም፣ ጾም በገባ ቁጥር ገመዱ ይመለሳል፣ እኔም ወደ ሥጋ ሻጩ እመለሳለሁ። እሷ ከከሳች እሳቸው ልጃቸውን ሊቀብሩ ነው። ናዝሬት ጎሚስታ ቤት ከፍተን አብረን እንሥራ ያለኝ ሰው ነበር፣ ጥሩ ሥራ ነበር። «ምን አለህ አዲስ አበባ፣ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ!» ሲለኝ «ድመት» አልኩት፤ ተቆጥቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ መካከል ላይ ታመምኩ። ተስቦ ነው አሉኝ። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። እትዬ አጥሚት ያጠጡኝ ነበር፤ ላቤን ይጠርጉልኝ ነበር። ትኩሳቱ ሲያይልብኝ ውሮ ከገመዷ በላይ ቀጥና፣ በገመዷ ቋጠሮ ውስጥ ሾልካ ስትወጣ አያት ነበር። ልነሳ እሞክራለሁ፣ እትዬ ደረቴን በመዳፋቸው ይመልሱኛል። «ተኛ ልጄ። ሁሉም ደህና ነው» ይሉኛል።

በአሥረኛው ቀን አጥር እየተደገፍኩ ሥጋ ቤቱ ሄድኩ።

«ተሻለህ?» አለኝ ሥጋ ሻጩ።

«መታመሜን ማን ነገረህ?»

«አንዲት እናት መጥተው ነበራ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፣ ከካዛንቺስ እዚህ ድረስ በእግራቸው። ተከራዬ ታሞብኝ ነው፣ እሱ የሚወስደውን ስጠኝ አሉ።» ቢላዋውን አስቀመጠ። «ለማን ነው ስላቸው ደግሞ፣ ለድመት ነው አሉኝ።»

እንዴት እንዳወቁ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤት ስገባ ውሮ በገመዷ እንደታሰረች ፀሐይ ላይ ተዘርግታለች፣ ወፍራም፣ ዓይኗ ጥርት ያለ። እትዬ ጎኗ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እያት፣ ጾሙ ተስማምቷታል» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«አዎ እትዬ። ተስማምቷታል።»

እሳቸው ምስራቸውን ለቀሙ፣ እኔ ድመቷን አየሁ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ከኔ፣ እኔም ከሳቸው ስንደባበቅ ሰነበትን።

በዚያው ጾም፣ ሆሳዕና ሊደርስ ሲል፣ ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ እየሮጥኩ ስመጣ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ሁሉም ቆመዋል። መርዶ ሊነግሩ ነው የመጡት። መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው፤ የዚያን ዕለት ግን እትዬ ቀድመዋቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፣ ከዚያ ላይ ማን ደፍሮ ይጥራቸው? ከኮኩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። አበባው ጭንቅላታችን ላይ ይረግፍ ነበር። ማንም ከትከሻው ላይ አያራግፈውም።

እትዬ በሩን ከፍተው ገቡ። አዩን። አንድ በአንድ አዩን። አልጮሁም። በመሐላችን አልፈው ቤታቸው ገቡና አልጋው ሥር ተንበረከኩ። ቋጠሮው ከርሮ ነበር፣ በጣታቸው እምቢ ሲላቸው በጥርሳቸው ፈቱት። ውሮን አቅፈው ደጃፉ ላይ አወጡና መሬት አስቀመጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በኪስህ ያለውን አውጣ» አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሁዳዴ። ኪሴን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«አውጣው ልጄ። ትብላ። ከእንግዲህ አትጾምም።»

ላስቲኩን ፈታሁት። የጎማና የጉበት ሽታ ግቢውን ሞላው። ተንበርክኬ በመዳፌ ያዝኩላት፤ በለቀስተኛው እግር መሐል ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል በላች። ጣቶቼን ልሳ ስታበቃ ነው እትዬ የጮሁት።

እዚያ ግቢ ብዙ ዓመት ኖርኩ፣ ውሮም እሳቸውም እስኪያልፉ። ናዝሬትን ደግሜ አላሰብኩትም።

የልጅ ልጄ አሁን ሥራ ላይ ናት፣ ኡራኤል አካባቢ አንድ ቢሮ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሳትደውል አትቀርም። የድመቷ ነገር ነው የሚያስደውላት፣ የኔ መስሎኝ ነበር ድሮ።

«አባባ፣ ዛሬ ምን አበሏት?» ትለኛለች።

ከመመለሴ በፊት ሁልጊዜ የዚያ ልጅ ደብዳቤ መጨረሻ ትዝ ይለኛል። እሷ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላትና «አባባ? አሁን ይሰማል?» ትላለች።

ይሰማል እላታለሁ። ሳንባ፣ ልብ፣ ትንሽ ጉበት። ደህና በላች እላታለሁ።