ማክሰኞ የሚለው ገጽ

እናቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሕፃናት ትመዝናለች፣ አራሶችን ትመክራለች። ምክሩን በደብተር ትጽፈው ነበር። በአንድ ገጽ ላይ አማርኛው፣ ከሥሩ ኦሮምኛው፣ ከእሱም ሥር ጎረቤታችን የምታርምላት ሐረሪ። እናቶቹ ሁሉ ስልክ ሲይዙ «ይሄን ደብተር ስልክ ውስጥ አስገባልኝ» አለችኝ። እኔም ኮምፒውተር እነካካለሁና አንድ ሳምንት ይበቃኛል አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

የፈለግሁት ብዙ አልነበረም፤ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ እናቴ ራሷ ገብታ የምትጽፍበት፣ ሦስት ቋንቋ የሚችል የድረ ገጽ ማዘጋጃ። ቀላል የሚባሉት ሁሉ ግን ቀላል የሚሆኑት ለአንድ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛ ቋንቋ ስጨምርበት ተጨማሪ ፕሮግራም ጫን አለኝ፤ የጫንኩት ደግሞ ሌላ ጠየቀ፤ ሦስተኛው ቋንቋ ላይ ጭራሽ አልከፈትም አለ። ሌላው ስማቸውን እንኳ ሰምቼ የማላውቃቸውን ቋንቋዎች ደርድሮ ሐረሪን ዘሎታል። ጀጎል ውስጥ ተቀምጬ ለሐረሪ «ሌላ» የሚለውን ስመርጥ ደሜ ፈላ።

ሦስተኛውን ያባረረችው እናቴ ራሷ ናት። ስለ ጡት ማጥባት የሚናገረውን ገጽ በአማርኛ ከፈተች፤ ወደ ኦሮምኛ ስትቀይር የመግቢያው ገጽ ላይ ጣላት። ደገመች፤ ደግሞ ጣላት።

«ቋንቋ በቀየርኩ ቁጥር ለምንድን ነው ወደ በር የሚመልሰኝ?»

«እማዬ፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«የሠራው ሰው ሐረር መጥቶ አያውቅም።»

እውነቷን ነው። ሸዋ በር ቲማቲም ስትገዛ ዋጋውን በኦሮምኛ ጠይቃ፣ በአማርኛ ተከራክራ፣ በሐረሪ መርቃ ነው የምትለያየው፤ ያውም ከቆመችበት ንቅንቅ ሳትል።

አራተኛው አስቀያሚ ነበር። አንድ ገጽ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር የተቀመጡ ሦስት ሣጥኖች፣ ከታች አንድ ቁልፍ፤ በቃ። አንዱ ሣጥን ባዶ ከሆነ ገጹን አላወጣም ይላል። ግራጫ በግራጫ ስለሆነ የቀበሌ ፎርም መሰለኝና ናቅሁት። አምስተኛው ግን ዓይን ይስባል፤ ለየቋንቋው የራሱ ገጽ፣ የራሱ ቀለም አለው። እሱን መረጥኩ። እናቴ እንዲቀላት ሳይሆን ሰው አይቶ እንዲያደንቀኝ ነበር የፈለግሁት፤ ዛሬም ሳስበው በራሴ እበሽቃለሁ።

«ሦስቱም አብረው ይወጣሉ አይደል?» አለችኝ።

«ይቺን ስትጫኚ ይወጣል» አልኳት። እያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ ቁልፍ እንዳለው አልነገርኳትም። መሄጃዬ ደርሶ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የሕፃናቱ ቀን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተዛወረ። እናቴ ለውጡን በሦስቱም ቋንቋ ጻፈችና የአማርኛው ገጽ ላይ ሆና ቁልፉን ተጫነች። በደብተሯ ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ ናቸውና ሁሉም የወጣ መሰላት።

ማክሰኞ ጠዋት በፈላና በር ሳልፍ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ የተዘጋችው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማ ውጭ፣ ከድሬ ጠያራ ነው የመጣሁት አለችኝ። ስልኳን አሳየችኝ፤ የኦሮምኛው ገጽ አሁንም ማክሰኞ ይላል። እናቴን ልጠራ ሮጥኩ። በቤት ልብሷ መጥታ ከፈተች፤ ሕፃኑን መዘነችው። ካለፈው ጊዜ ምንም አልጨመረም። አጠገቧ ተቀምጣ ጡት አያያዙን አስተካከለችለት፤ በደንብ መሳብ እስኪጀምር አልተነሳችም። ሴትየዋ ልጇን እየሸፈነች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ በአማርኛ ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ አማርኛው ሐሙስ ነው የሚለው ብለው እዚህ ጎረቤት ያሉት ነገሩኝ። ወላሂ አልተቀየምኩም። ግን ለእነሱ ነግረው እኛን ለምን ተዉን?»

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስለ ቁልፉ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሁለቱም አላዳመጡኝም። ወደ ቤት ስንመለስ «ስንት ዘመን ሳዋልድ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አለች። የምገባበት አጣሁ።

በማግስቱ ያማረውን አጥፍቼ ግራጫውን ጫንኩ። እናቴ ሆን ብላ የኦሮምኛውን ሣጥን ባዶ ተወችና ቁልፉን ተጫነች። እምቢ አላት። ደጋግማ ተጫነችው፤ እምቢ እንዳለ ቀረ።

«ይሄ ይሻላል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፋለች፤ ግራጫውም አንድም ቀን አላሳሳታትም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «ወጥቷል እማዬ፣ ሦስቱም ወጥቷል» እላታለሁ። ስልኳን አንስታ ድሬ ጠያራ ለዚያች ሴት ትደውልና «እስቲ አንብቢልኝ፣ ምን ይላል?» ትላታለች። ሴትየዋ አንብባ እስክትጨርስ ድረስ እናቴ መነጽሯን አታወልቅም።